ከስትሮክ በኋላ ደህናውን እጅ ማሰር ምንድን ነው?

ስትሮክ የመታው ሰው ፊዚዮቴራፒስቱ ፊት ተቀምጦ «እስቲ ኩባያውን ያንሡት» ሲባል፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ያነሣዋል። ቤቱ ሲገባ ግን ያው እጅ ጭኑ ላይ እንደተጋደመ ይውላል። በሩን የሚከፍተው፣ ስልኩን የሚያነሣው፣ ጋቢውን የሚያስተካክለው ደህናው እጅ ነው። ሐኪም ቤት የታየው አቅምና ቤት ውስጥ የሚታየው አጠቃቀም እንዲህ ሲራራቁ ጥፋቱን ሁሉ በአንጎል ጉዳቱ ላይ መጣል አይቻልም። ሰውየው በዚያ እጅ አለመጠቀምን ተምሯል፤ ተመራማሪዎችም «የተማሩት አለመጠቀም» ይሉታል።

ደህናውን እጅ አስሮ የደከመውን የማሠራት ሕክምና የተፈጠረው ይህን ልማድ ለማስለቀቅ ነው። ላየው ሰው ጭካኔ ይመስላል። ደህናው እጅ ምንም መጨበጥ እንዳይችል ወፍራም ጓንት ይጠለቅለታል። በሙሉው አሠራር ሕመምተኛው ነቅቶ ከሚውልበት ጊዜ 90 በመቶውን ጓንቱን እንዳጠለቀ ያሳልፋል፤ በሥራ ቀናት በቀን እስከ 6 ሰዓት ድረስ በደከመው እጁ ይሠለጥናል፤ ይህ ለ2 ሳምንት ይቀጥላል። ልምምዱ ጥራጥሬ መልቀም፣ ክዳን መክፈት፣ የመጽሐፍ ገጽ መግለጥ፣ ፎጣ ማጠፍን የመሳሰለ የቤት ሥራ ነው። ትንሽ ሲሳካ ሥራው ትንሽ ይከብዳል፤ ሰዓት ይያዛል፤ ከትናንቱ ምን ያህል እንደተሻለ ለሕመምተኛው እዚያው ይነገረዋል።

ሐሳቡ የመጣው ከጦጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ፍሬድሪክ ሞት እና ቻርልስ ሸሪንግተን የተባሉ እንግሊዛውያን ከጦጣ ክንድ ወደ አከርካሪ ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች ቆረጡ። እንቅስቃሴ የሚያዙትን ነርቮች አልነኳቸውም። ጦጣዋ ግን ክንዷን ተወችው። «ስሜት ከሌለ በፈቃድ መንቀሳቀስ የለም» አሉ፤ ይህ ድምዳሜም ለአሥርት ዓመታት ሳይነቃነቅ ቆየ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ታውብ ሙከራውን ደገመና አንድ ነገር ጨመረበት፤ ደህናውን ክንድ አሰረው። ጦጣዋ ሌላ ምርጫ ስታጣ ስሜት በሌለው ክንዷ ምግብ ማንሣት ጀመረች። የሁለቱም ክንዶች የስሜት ነርቭ የተቆረጠባቸው ጦጣዎችም በሁለቱም ክንዶቻቸው ተጠቀሙ። ታዲያ አንዱ ብቻ ሲጎዳ ለምን ይተዉታል? የታውብ ማብራሪያ ይህ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የነርቭ ሥርዓቱ ይደነዝዛል፤ በዚያ ጊዜ ክንዱ በእውነትም አይሠራም። ጦጣዋ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ ምግቡ ያመልጣታል። በደህናው ክንድ ስትሞክር ሁሉም ይቀላታል። ድንዛዜው አልፎ ክንዱ ወደ አቅሙ ሲመለስ እሷ መሞከር አቁማለች፤ ስለማትሞክርም መመለሱን አታውቅም።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያሳመነኝ አንድ ሙከራ ነው። ታውብና ባልደረቦቹ የተጎዳውን ክንድ ራሱን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወዲያው አሰሩት፤ ጦጣዋ ሞክራ መውደቅን እንዳትማር። ከ3 ወር ገደማ በኋላ ሲፈታ ተጠቀመችበት። ያልወደቀችበትን ክንድ የምትተውበት ምክንያት አልነበራትም።

የዚህ ምርምር ታሪክ ንጹሕ አይደለም፤ ዘሎ ማለፍም አይገባም። በ1981 ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የታውብ ቤተ ሙከራ የገባ አንድ የእንስሳት መብት ተሟጋች የጦጣዎቹን አያያዝ ፎቶ አንሥቶ ለፖሊስ አቀረበ። ፖሊስ 17 ጦጣዎችን ወሰደ። ታውብ በቂ የእንስሳት ሕክምና ባለማቅረብ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ1983 ግን የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክፍለ ሀገሩ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚካሄድን ምርምር አይመለከትም በሚል ፍርዱን ሻረው። በሕግ መንገድ ነጻ ወጣ ማለት ነው፤ ስለ ቤቶቹ ንጽሕናና ስለ እንስሳቱ ቁስል የተነሣው ጥያቄ በዚያ አልተመለሰም። ጉዳዩ በ1985 የአሜሪካ የቤተ ሙከራ እንስሳት ሕግ እንዲጠብቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከእነዚሁ ጦጣዎች የተገኘው ሌላ ውጤት በ1991 ታተመ፤ ከ12 ዓመት በላይ ከክንዱ ምንም መልእክት ሳይደርሰው የቆየውን የአንጎል ክፍል ለፊት ስሜት የሚሠራው ጎረቤቱ ወርሶት ተገኘ። የአዋቂ አንጎል ካርታ አይለወጥም የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ክፉኛ ተናጋ።

ታውብ ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ሙከራውን ወደ ሰው አመጣው። በ1993 የታተመው የመጀመሪያው ጥናት 9 ሰዎች ብቻ የተሳተፉበት ነበር፤ 4ቱ ታከሙ፣ 5ቱ ለማነጻጸሪያ ተያዙ። ሁሉም ስትሮክ ከመታቸው ዓመት ያለፋቸው፣ በጊዜው አስተሳሰብ «ከእንግዲህ አይለወጡም» የሚባሉ ነበሩ። የታከሙት ተለወጡ። 4 ሰው ግን 4 ሰው ነው። ሚዛን የሚደፋው ማስረጃ የመጣው በ2006 አትላንታ በሚገኘው የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ስቲቨን ዎልፍ ከመሩት ጥናት ነው። 7 የሕክምና ተቋማት፣ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች፣ የአንድ ዓመት ክትትል። ጣሳ ማንሣትን፣ እርሳስ ማንሣትን፣ ቁልፍ ማዞርን የመሰሉ ሥራዎችን ለመጨረስ የታከሙት በአማካይ 19.3 ሰከንድ ይወስድባቸው የነበረው ወደ 9.3 ወረደ። የተለመደውን ክትትል ያገኙት ከ24.0 ወደ 17.7 ወረዱ። በቀጣዩ ዓመት በተደረገው ክትትልም የታከሙት ያገኙትን ይዘው ቆዩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «የተለመደ ክትትል» ያገኘው ወገን ይህን ያህል ሰዓት አልሠለጠነም፤ አንዳንዱ ምንም ሕክምና አላገኘም። ስለዚህ ያሸነፈው ጓንቱ ነው ወይስ የልምምዱ ብዛት የሚለውን ይህ ጥናት አይለይም። በ2015 ከ1,400 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 42 ጥናቶች የመረመረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማም የክንዱ እንቅስቃሴ መሻሻሉን ተቀብሎ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮን ማቅለሉ ግን አሳማኝ ሆኖ አልታየኝም አለ።

እኔ ጓንቱ ከሚገባው በላይ ዝና አግኝቷል ባይ ነኝ። ፎቶ ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚታለፈው የሕክምናው ክፍል ነው፤ በክሊኒክ የተገኘውን ወደ ቤት የማሻገሩ ሥራ። ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር የጽሑፍ ውል ይፈርማል፤ በየትኛው ሥራ በደከመው እጁ እንደሚጠቀም፣ ጓንቱ መቼ እንደሚወልቅ ይዘረዘራል። አስታማሚውም ይፈርማል። ከዚያ 30 የሚያህሉ የዕለት ሥራዎች እየተጠሩ፣ ትናንት መብራቱን በየትኛው እጅ አበሩ? መሳቢያውንስ? እየተባለ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። በ2013 የታውብ ቡድን 40 ሰዎችን ከፋፍሎ ሲሞክር፣ ይህ የማሻገር ሥራ የተጨመረላቸው ቤት ውስጥ በእጃቸው መጠቀማቸው ካልተጨመረላቸው በ2.4 እጥፍ የበለጠ ተሻሻለ። ክሊኒክ ውስጥ ያሳለፉት ሰዓት እኩል ነበር።

የእኛ ቤት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሐበሻ ቤት የታመመ ሰው እጁን እንዲያነሣ አይፈቀድለትም። ውኃው ይቀርብለታል፣ ጫማው ይታሰርለታል፣ እንጀራው ተጠቅልሎ አፉ ድረስ ይሄድለታል። ፍቅር መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን ጦጣዋ ወድቃ የተማረችውን ሰውየው እየጎረሰ ይማረዋል። በዚህ ላይ የትኛው እጅ እንደደከመ ለውጥ ያመጣል። ቀኝ እጁ የደከመበት ሰው በግራ መብላት ስለሚያሳፍረው ማዕዱ ራሱ ቀኙን ይጠራዋል፤ ቤተሰቡ ለጉርሻ ካልተጣደፈ በቀን ብዙ ጊዜ ይሞክራል። ግራው የደከመበት ግን ዓመት ሙሉ እንጀራ ቢበላ ያንን እጅ የሚጠይቀው የለም። ለግራ እጅ ሥራ ታስቦ መፈለግ አለበት፤ የኩታውን ጫፍ መያዝ፣ ሳህን ሲታጠብ መደገፍ፣ ቁልፍ ሲቆለፍ ጨርቁን መወጠር፣ ስልኩን ይዞ በቀኝ መንካት።

መቼ ይጀመር ለሚለው፣ «ቶሎና ብዙ» የሚለው መልስ እንደሚመስለው ትክክል አይደለም። በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 52 ሰዎችን ስትሮክ ከመታቸው በአማካይ 10 ቀን ገደማ ላይ በሦስት ከፍሎ ነበር። በቀን 2 ሰዓት በዚህ መንገድ የሠሩት የተለመደውን ሕክምና ካገኙት አልተሻሉም፤ በቀን 3 ሰዓት ሠርተው ጓንቱን ቀኑን ሙሉ ያጠለቁት ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ያነሰ ነው የተሻሻሉት። 2,104 ሰዎችን የያዘው በ2015 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናትም ከአልጋ ስለመነሣት ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ደጋግመውና ረዘም ላለ ጊዜ ከአልጋ እንዲነሡ ከተደረጉት በደህና ሁኔታ ላይ የተገኙት 46 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተነሡት ደግሞ 50 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ አባቱ ትናንት ስትሮክ የመታው ልጅ ይህን አንብቦ ደህናውን እጅ ልሰር ቢል ሊጎዳው ይችላል።

ለሁሉም ሰውም አይሆንም። የ2006ቱ ጥናት ሲጀመር ተሳታፊዎች የእጅ አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን በራሳቸው ኃይል በተወሰነ ደረጃ ወደ ላይ ማቅናት ነበረባቸው፤ የተሻለ አቅም ካላቸው አንጓ ላይ 20 ዲግሪ፣ ጣት ላይ 10 ዲግሪ ይጠበቅ ነበር። እጁ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ሰው ደህናውን ቢያስር የሚተርፈው ንዴት ነው። ሚዛን የማይጠብቅ ሰው ሲሄድ ጓንቱ ይወልቃል፤ ሲወድቅ የሚይዝበት እጅ ያስፈልገዋልና። ከዘራ ሲይዝ፣ ሲታጠብ፣ ትኩስ ነገር አጠገብ ሲሆንም እንዲሁ። የተነገረውን ለመረዳትና ለማስታወስ በጣም የሚቸገር ሰውም ውሉን መጠበቅ አይችልም። ለእግር ይህ መንገድ እንዳለ አይሠራም፤ በአንድ እግር ተሂዶ ሌላውን መተው ስለማይቻል። ሴሬብራል ፓልሲ (ከሕፃንነት በሚደርስ የአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸውና አንድ ጎናቸው ለደከመ ሕፃናት ግን በጨዋታ መልክ ተቀይሮ ይሰጣል።

በቀን 6 ሰዓት አንድ ባለሙያ ለአንድ ሕመምተኛ የሚባለው አሜሪካም ውስጥ ከባድ ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች ጥቂት በሆኑበትና እነሱም በትልልቅ ከተሞች በሚገኙበት አገር ጭራሽ አይታሰብም። ስቴፈን ፔጅ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ለዚህ የሚቀርብ ቀለል ያለ መልክ ሞክሯል፤ በሳምንት 3 ቀን ግማሽ ሰዓት ከባለሙያ ጋር፣ በሳምንት 5 ቀን ደህናው እጅ በብዛት በሚሠራባቸው 5 ሰዓታት እየተገደበ፣ ለ10 ሳምንት። በትንንሽ ጥናቶቹ ጥሩ ውጤት አግኝቶበታል። ክፍለ ጊዜው አጭር ስለሆነ ባለሙያው በየሳምንቱ የሚፈትሸው ቤት ውስጥ የተሠራውን ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ የሚሄድ አስታማሚ በየትኛው ሥራ በየትኛው እጅ እንደተጠቀሙ የጻፈበትን ደብተር ይዞ ቢሄድ፣ «የአንጓውና የጣቶቹ እንቅስቃሴ ለዚህ ይበቃል ወይ? ጓንቱ መቼ መቼ ይውለቅ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ግማሽ ሰዓት ለወሬ አይባክንም።