አንስኩሊንግ ምንድን ነው? መዝገቡስ ምን ይሆናል?

ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች ሲጀምሩ ትምህርት ቤቱን ጠቅልለው ሳሎን ያስገቡታል። ጠዋት ሒሳብ፣ ቀጥሎ ንባብ፣ ከዚያ ሳይንስ። ግድግዳው ላይ ፕሮግራም ይለጠፋል። ማታ ደግሞ ደብተር ይወጣና “ዛሬ ከገጽ 42 እስከ 45 ሠርተናል” ተብሎ ይመዘገባል። ወራት ሲያልፉ ልጁ ይሰለቻል፣ ወላጁም ይታክታል። ስለ አንስኩሊንግ መጠያየቅ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ቃሉን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጆን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነው። ሲያስተምር አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙ ልጆች የሚጨነቁት ነገሩን ለማወቅ ሳይሆን መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ለመገመት ነበር። መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቶች እንዲሻሻሉ ጻፈ፣ ተሟገተ። ተስፋ ሲቆርጥ በ1977 እ.ኤ.አ. ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች የሚሆን መጽሔት ጀመረ።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቀድሞ የተዘጋጀ ሥርዓተ ትምህርት የለም። ትምህርቱ የልጁን ጉጉት ተከትሎ ይሄዳል። እግር ኳስ የሚወድ የ8 ዓመት ልጅ እናስብ። የደረጃ ሰንጠረዡን ሲያይ የአንዱ ቡድን የግብ ልዩነት ፊት የመቀነስ ምልክት ያገኛል። “ከዜሮ በታች ቁጥር አለ እንዴ?” ይላል። ወላጁ ያስረዳዋል፣ ሰንጠረዡን አብረው ያሰላሉ። በማግስቱ የቡድኖቹን ከተሞች ካርታ ላይ ሲፈልግ ይገኛል። መጽሐፉ እዚያ ምዕራፍ ላይ ገና አልደረሰም ይሆናል። ጥያቄው ግን ዛሬ መጥቷል።

ታዲያ ወላጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ እንዲያውም ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚያደክመው ይሄኛው ነው። ልጁ ምን ላይ እንደተመሰጠ መከታተል፣ የሚሆነውን መጽሐፍ ወይም ዕቃ አጠገቡ ማኖር፣ ሲጠይቅ መገኘት ያስፈልጋል። የመኝታ ሰዓትና የቤት ውስጥ ሥራ ድርሻ ይቅር ወይስ አይቅር የሚለው ላይ ቤተሰቦች ይለያያሉ። ያ ሌላ ክርክር ነው።

ከፕሮግራም ወደዚህ የሚሸጋገር ልጅ መጀመሪያ ላይ ምንም የማይሠራ ሊመስል ይችላል። ወላጆች ለዚህ የራሳቸው ልማዳዊ ስሌት አላቸው፦ በክፍል ሥርዓት ላለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር የእረፍት ጊዜ መስጠት። ጥናት ያረጋገጠው ቀመር አይደለም። ግን ለተጨነቀ ወላጅ ትንፋሽ ይሰጣል።

አሁን ወደ መዝገቡ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ ሕግ የሚጠይቀው መዝገብና ፍርሃታችን የሚጠይቀው መዝገብ። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ወላጅ የመጻሕፍት ዝርዝርና የልጁን የሥራ ናሙናዎች ይዞ በየዓመቱ ያስገመግማል። ቴክሳስ ውስጥ ግን ለመንግሥት የሚቀርብ ሪፖርት የለም። በጀርመን ደግሞ ቤት ማስተማር ራሱ በመሠረቱ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ደብተሩን ከመጣል በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማንበብ ግድ ነው። ሕግ የጠየቀውን ያህል ይያዝ። ከዚያ የተረፈው አብዛኛው የፍርሃታችን ድርሻ ነው።

ያኛው መዝገብ ደግሞ ጉዳት አለው። ልጁ ስለ ዜሮ ሲጠይቅ ወላጁ እስክሪብቶ ፍለጋ ቢሮጥ ልጁ ያያል። ጨዋታው “ሒሳብ” ተብሎ እንደተቆጠረበት ይገባዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄውን ለራሱ ይይዘዋል። ሆልት ክፍል ውስጥ ያየው ግምት እንዲህ ሆኖ ቤት ይገባል።

ቀለል ያለው መንገድ አስቀድሞ ማቀድን ትቶ በኋላ መጻፍ ነው፣ ልጁ ከተኛ በኋላ። በሳምንት አንዴ ሦስት አራት መስመር ይበቃል፦ “ከዜሮ በታች ስላለ ቁጥር ጠየቀ። ካርታ ላይ አምስት ከተማ አገኘ።” የሠራውን ነገር በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ያነበበውን መጽሐፍ ርዕስ መያዝ። የትምህርት ዓይነት መከፋፈሉ ሪፖርት የሚጠየቅ ከሆነ ያኔ ከማስታወሻው ይወጣል። ምንም ያልተጻፈበት ሳምንት ቢኖርም ችግር የለውም።

ልጁ ወደ 14 ወይም 15 ዓመት ሲጠጋ ነገሩ ትንሽ ጠበቅ ይላል። ዩኒቨርሲቲ መግባት ከፈለገ ምን ፈተናና ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ቀድሞ መጠየቅ አለበት። በዚያ ዕድሜ ግን ደብተሩን የሚይዘው ራሱ ልጁ ቢሆን ይሻላል። የሚፈልገው እሱ ነዋ።