ሲከር ይበጠሳል፣ ሲሞላ ይፈሳል

ይህን አባባል የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ነገር ሲበላሽ ነው። ባልና ሚስት ተኳርፈው ሽማግሌ ሲገባ፣ አለቃ ሠራተኛውን መፈናፈኛ ሲያሳጣ፣ ሁለት ወገን በየፊናው ሲፎክር፣ አንዱ ብድግ ይልና «ኧረ ተዉ፣ ሲከር ይበጠሳል» ይላል። ማስፈራሪያም ነው፣ ልመናም ነው። ትዕግሥት ወሰን አለው ማለት ነው። እስከዚህ ማንም ያውቀዋል። ግን አባባሉ የመጣው ከፈትል ነው፣ ፈትል ያላየ ሰው ደግሞ ግማሹን ብቻ ይዞ የሚሄድ ይመስለኛል።

«መክረር» የፈትል ቃል ነው፤ ክር ራሱ ከዚሁ ግንድ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። አያቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ሸርተት አድርጋ ታሾረውና ከአመልማሎው እየሳበች ታከረው ነበር። ማክረሩ ካነሰ ክር የሚባል ነገር የለም፤ ሳብ ሲያደርጉት ተመልሶ ጥጥ ይሆናል። ከበዛ ደግሞ መጀመሪያ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል፣ ከዚያ ጧ! ለድር የሚሆነው ከረር ይላል፣ ለማግ የሚሆነው ላላ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ አባባሉ «አታክር» አላለም። ያልከረረ ክር ከየት ይመጣል? ያለው ልክ አለው ነው። ሁለተኛው ግማሽም ያው ነው፤ እንስራ ወንዝ የሚወርደው ሊሞላ ነው፣ ከአፉ ካለፈ ግን ውሃው ጀርባ ላይ ነው።

«ክሩ መቼ ነው የሚበጠሰው?» የሚለውን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድድ የኖረ አንድ ሰው አለ። ሃንስ ሴሊዬ ይባላል። ዛሬ ከታክሲ ረዳት እስከ ሥራ አስኪያጅ «ስትረስ ገደለኝ» የምንለው በእሱ ሰበብ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

በ1907 ቪየና ተወለደ (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሃንጋሪ ተወላጅ የጦር ሐኪም፣ እናቱ ኦስትሪያዊት። ያደገው ዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ኮማሮም በምትባል ከተማ ነው። ሕክምና የተማረው ፕራግ። እዚያ ተማሪ ሳለ ፕሮፌሰሩ በሽተኞችን አንድ በአንድ እያቀረበ፣ ይህን ካያችሁ በሽታው ይህ ነው፣ ያንን ካያችሁ ያኛው ነው እያለ ያስተምራል። ወጣቱ ሴሊዬ ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ የታመመ ሰው መልክ አላቸው። ምላሳቸው ነጥቷል፣ መገጣጠሚያቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ ከስተዋል። በሽታው ለየቅል፣ መታመሙ ግን አንድ። እኛ «ምነው፣ ፊትህ ልክ አይደለም» ብለን የምናልፈውን ነገር እሱ ይዞት ዞረ።

በ1931 ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሄደ፣ ከዚያ ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሥራው አዲስ ሆርሞን ማደን ነበር። ከላም እንቁልጢ፣ እንቁላል ከሚያመነጨው አካል ማለቴ ነው፣ የተጨመቀ ፈሳሽ አይጦችን ይወጋል፣ ከዚያ ይከፍታቸዋል። ሦስት ነገር አገኘ፦ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አብጠዋል፣ ደረት ውስጥ ያለው ታይመስ ዕጢ ሟሟል፣ ጨጓራቸው ቆስሏል። አገኘሁ ብሎ ፈነጠዘ። ቀጥሎ ግን ከእንግዴ ልጅ የተጨመቀውን ወጋ፣ ያው ሦስቱ መጡ። ከኩላሊት፣ ያው። ከጣፊያ፣ ያው። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ፎርማሊን ወጋ፣ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርጉትን ማለቴ ነው፣ እሱማ ይባስ ብሎ አጎላው። ሆርሞኑ ድራሹ ጠፋ።

እኔ ብሆን አይጦቹን ትቼ አገሬ እገባ ነበር። እሱ ግን የፕራግ በሽተኞች ትዝ አሉት። ምናልባት እነዚህ ሦስት ምልክቶች የመድኃኒቱ ሳይሆኑ፣ ሰውነት ክፉ ነገር ሲገጥመው ሁሉ የሚያሳየው አንድ ምላሽ ይሆኑ? አይጦቹን ብርድ ላይ አስቀመጣቸው፣ ከአቅማቸው በላይ አስሮጣቸው፣ አቆሰላቸው። ያው ሦስቱ መጡ። ሐምሌ 4 ቀን 1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ከአንድ ገጽ የማትበልጥ ደብዳቤ አወጣ። የስትረስ ምርምር መነሻ ያቺ አጭር ደብዳቤ ናት፤ ግን «ስትረስ» የሚለው ቃል እንኳ የለባትም።

ያስቀመጠው ነገር ከአያቴ እንዝርት ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፣ አደጋ አለ ብሎ ይነሳል። ቀጥሎ ይቋቋማል፤ አይጧ ብርዱን ትለምደዋለች፣ ደህና ትመስላለች፣ እንዲያውም ከሌሎቹ የጠነከረች ትመስላለች። ይህ ነው አሳሳቹ ደረጃ። የከረረ ክር ሊበጠስ አንድ ዙር ሲቀረው ከሁሉም ጠንካራ ይመስላል አይደል? ብርዱ ወራት ከቀጠለ ሦስተኛው ይመጣል፣ አቅም ያልቃል፣ አይጧ ትሞታለች።

ቃሉን የተዋሰው ከኢንጂነሮች ነው። ብረት ላይ የሚያርፈውን ኃይል «ስትረስ» ይሉታል፣ ኃይሉ ብረቱ ላይ የሚያመጣውን መለጠጥ ደግሞ «ስትሬይን»። ሴሊዬ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነበር። በኋላ ራሱ፣ እንግሊዝኛዬ ያኔ ሻል ያለ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ቃል እመርጥ ነበር ብሏል። እኛ «ውጥረት» የምንለው ደግሞ ከመወጠር ነው፣ ቆዳ ከበሮ ላይ እንደሚወጠረው። መክረር፣ መወጠር፣ ሁሉም የሚሳብ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት ከእሱ ቃል የእኛ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ ይኸውና። ሴሊዬ ስትረስ ይጥፋ አላለም። ከስትረስ ሙሉ በሙሉ ነፃ መሆን ሞት ነው ብሎ ጽፏል። በኋላ ሁለት ከፈለው፣ የሚጎዳውንና የሚያንቀሳቅሰውን፤ ሠርግም ፈተናም ሰውነትን ያነሳሉ እያለ። ያልከረረ ክር ጥጥ ነው ካልነው ጋር ገጠመ።

ሁሉም ነገሩ ግን አልቆመለትም። ለሁሉም ክፉ ነገር ምላሹ አንድ ነው ማለቱን ጆን ሜሰን የሚባል ተመራማሪ ተከራከረው። ጦጣዎችን ሳያስጨንቅ ምግብ ሲከለክላቸው የተጠበቀው የሆርሞን መጨመር አልመጣም። ረሃቡ ብቻውን ሳይሆን ጭንቀቱ ነበር የሚያከረው ማለት ነው። ሌላም አለ፣ ይሄኛው ያሳዝናል፦ በ1969 የካናዳ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲጋራ ላይ ሊጣል የታሰበውን ገደብ ተቃወመ። ለምርምሩ ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ገንዘብ ይመጣለት እንደነበር ከዓመታት በኋላ የኩባንያዎቹ የውስጥ ሰነዶች ሲወጡ ታወቀ። ትልቅ ሰውም ይከራል።

ራሱ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ፣ ከ1,500 በላይ ጽሑፍ አሳትሞ፣ ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትልቅ ተቋም ሲመራ ኖረ። ለኖቤል በተደጋጋሚ ታጨ፣ አላገኘም። እናቱ በ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ በጥይት ሞተችበት።

አሁን ወደ ጨጓራ ልመለስ፣ እኛ ነገር ሲያናድደን «ጨጓራዬን ላጥከው» እንላለንና። ቆሽትም ይደብናል፣ አንጀትም ያርራል፣ ጨጓራ ግን ዋናው ነው። የሴሊዬ አይጦች የቆሰለ ጨጓራ ይህን አባባል በሳይንስ ያጸደቀ ይመስል ነበር፣ ለብዙ ዓመትም ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለትን በዋናነት ከጭንቀት ጋር ሲያያይዙት ቆዩ። ሴሊዬ ሞንትሪያል ውስጥ የሞተው ጥቅምት 1982 ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ፐርዝ አውስትራሊያ፣ ሁለት ሐኪሞች ለአብዛኛው የጨጓራ ቁስለት ተጠያቂ የሆነችውን ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድገው ነበር። በ2005 ኖቤሉን እነሱ ወሰዱ።