የተሽከርካሪ ጭስ በጅማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ መኪና ጭስ ጅማ ውስጥ ጋራዥም፣ መናኸሪያም፣ ባጃጅ ተራም የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ኪስ ያራቁታሉ፣ አንዳንዶቹ ሳንባ ይጎዳሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሁለቱንም ያደርጋሉ። ሥር ከሰደደው እንጀምር።

«ናፍጣ መኪና ጥቁር ካላጨሰ ጉልበት የለውም»

ጥቁር ጭስ በወጉ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የገባው ነዳጅ ከአየሩ ሲበልጥ ትርፉ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። መኪናውን የሚገፋው የተቃጠለው ነው፤ ጥቁሩ ገንዘብ ተከፍሎበት የተጣለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስ ለሰው ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል ብሎ የመደበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

ጅማ ላይ ነገሩን የሚያባብሰው ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ (አየር እየጨመቀ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናፍጣ ፖምፓው ግን ለባሕር ዳርቻ በተለካለት መጠን ናፍጣ መርጨቱን ይቀጥላል። በዚህ ላይ «ጉልበት ይጨምር» ተብሎ የፖምፓው ብሎን ሲከፈት፣ መኪናው ወደ ጅሬን አቀበት ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ የፈጠነ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ሙቀት ይጨምራል፣ ዘይቱ በጥላሸት ይጠቁራል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይጎዳል።

ፍተሻው ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂድ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው። ያውጡትና ከውስጥ በኩል የእጅ ባትሪ ያብሩበት፤ ብርሃኑ ወደ ውጭ ካላለፈ ይቀየር። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ግፊቱም ከ2 ባር አይለፍ። ብዙ ጋራዦች 6 እና 8 ባር ላይ ያለውን አየር በቀጥታ ይለቁበታል፤ ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያበጅና አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩን ይበላዋል። የኮረኮንች መንገድ በሚበዛበት ሥራ ላይ ያለ መኪና በየሳምንቱ ይታይ።

ፊልትሮው ደህና ከሆነ ቱርቦ ያለው መኪና ወደ ሞተሩ አየር የሚወስዱት የጎማ ቱቦዎች ይታዩ፤ ስንጥቅ ወይም በመጋጠሚያው ላይ የዘይት እርጥበት ካለ አየር እያመለጠ ነው። ቀጥሎ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኖዝሎች ወጥተው በመሞከሪያው ላይ ይፈተሹ። ናፍጣው እንደ ጉም ተበትኖ መውጣት አለበት፤ ከጫፉ ላይ ጠብ ካለ ወይም በአንድ ጎን ከወጣ ያ ኖዝል ተበላሽቷል። ፖምፓው የመጨረሻው ነው፤ እሱንም ለመሞከሪያ ማሽን ባለሙያ ብቻ ይስጡት። ብዙ ሰው ከፖምፓ ጀምሮ ብሩን ከጨረሰ በኋላ ጥፋቱ የታፈነ ፊልትሮ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ በጣም ያሳዝናል።

«ዋናው ችግር ኤፍኤስአሩና አይሱዙው ነው፤ ባጃጅማ ምን አላት?»

የጭነት መኪና ጥላሸት ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያ) የሌላት፣ ካርቡሬተሯ (ቤንዚንና አየር መቀላቀያዋ) የተበላሸ ባጃጅ በአንድ ኪሎ ሜትር የምትለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ቤንዚን ከዘመናዊ የቤት አውቶሞቢል ይበልጣል። መርካቶና ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ጭሱም የሚወጣው በመንገድ ዳር በሚሄድ ሕፃን ቁመት ነው።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥቶ ማየት ብዙ ይናገራል። ጫፉ ምጣድ ላይ መቅላት የጀመረ ቡና ከመሰለ ሞተሩ በትክክል እያቃጠለ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሸፈነው ቤንዚን በዝቷል፦ ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይም ጠዋት ለማስነሳት የተሳበው ቾክ አልተመለሰም፣ ወይም ገመዱ ስለያዘው ግማሽ ላይ ቀርቷል። የቾኩ ጉዳይ በጣም የተለመደ ነው፤ መፍትሔውም ገመዱን ማጽዳትና ዘይት መስጠት ብቻ ነው። ጫፉ ጥቁርና በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚሽከረከርበት ልክ) የሚስተካከለው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ሚኒሞ ሲሞቅ ቤንዚን ያበዛል።

«ቤንዚን ላይ ትንሽ ዘይት ጣል ቢደረግ ሞተር ያለሰልሳል»

ይህ የድሮዎቹ የባለ ሁለት ምት ሞተሮች ደንብ ነው። በባለ አራት ምት ባጃጅ ላይ ዘይቱ ይቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ይሆናል፣ ካንዴላ ያበላሻል። ነጭ ጋዝ መቀላቀል የባሰ ነው፤ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ያልተቃጠለው ወደ ከርተሩ (የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያው) ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ሳይቀላቀል ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ሰዓቱን ይመልከቱ። ሌሊት አድሮ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ሲል ነው። አቀበት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል።

«ጭሱ ካልታየ ንጹሕ ነው»

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን የሚገድለው ግን እሱ ነው። በክረምት ዝናብ የባጃጅ ሸራ ተዘግቶ፣ ማርሚታው ተሰንጥቆ ሲሄድ ተሳፋሪውን ራስ ምታትና ማዞር ከያዘው ወዲያውኑ ሸራው ይከፈት፣ ሰውየውም ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ስንጥቁን ለማግኘት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይነሳና መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ይረጭ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ያፈሳል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሥራት ፈጽሞ አይገባም።

«ሞተር ማጥፋትና ማስነሳት የበለጠ ነዳጅ ይበላል»

የሞቀ ሞተርን ማስነሳት የሚፈጀው ነዳጅ ለጥቂት ሰከንዶች በሚኒሞ ከሚፈጀው አይበልጥም። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ወይም መናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጠበቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆም ከሆነ ይጥፋ፤ ባትሪና ሞተሪኖው ደህና እስከሆነ ድረስ ጉዳት የለውም። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ቆሞ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ያቃጥላል። የቱርቦ መኪና ብቻ ከረጅም አቀበት እንደደረሰ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይጥፋ።

«ጅማ ዛፍና ዝናብ አላት፣ ጭሱ ይታጠባል»

ዝናብ ትልልቁን አቧራ ያወርዳል፤ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባውን ረቂቅ ብናኝ ግን ብዙም አያጥበውም። ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ናት፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ቀዝቃዛ ጠዋቶች ከባዱ አየር ታች ላይ ሲቀር ጭሱም አብሮ ይቀራል። ተማሪ ትምህርት ቤት የሚሄደውም፣ ባጃጅ የሚበዛውም በዚያው ሰዓት ነው። በነጠላ አፍንጫን መሸፈን አቧራን ይቀንስ ይሆናል፤ ጋዙን አያግድም።

«የኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው፣ ጭሱ ኃይል ማመንጫው ጋ ይወጣል»

ይህ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ለሚያመነጩ አገሮች የሚነገር ክርክር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ራሱ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። የጎማና የፍሬን ሸራ ብናኝ ግን በኤሌክትሪኩም አይቀርም። ስለዚህ የጎማ ነፋስ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካ፤ ልኩም አምራቹ የጻፈው ነው።