ኦፕን ሶርስ ምንድን ነው? የዋጋ ጉዳይ አይደለም

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ደሴም ኮምቦልቻም አንድ አባባል ደጋግሞ ይሰማል፦ «ኤስፒኤስኤስ እኮ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ፒያሳ በፍላሽ ሞሉልኝ»። ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የጥናት ዳታ የሚተነተንበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው፤ አር (R) የሚባለውም እንዲሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ለተማሪዎች ምክር ብሎ «አር ባለቤት የለውም፣ ውጤቱ አይታመንም፤ ኤስፒኤስኤስ በነፃ እያለ ምን ያስቸግራችኋል?» ሲል ጻፈ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በፍላሽ የተሞላው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የላይሰንስ ቁልፉ የተሰበረ የንግድ ሶፍትዌር ነው። ኤስፒኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረ ሲሆን ከ2009 ወዲህ የአይቢኤም ንብረት ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ስሌቱ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ሲሆንና ፈቃዱም ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያርመው፣ ለሌላ እንዲያድለው ሲፈቅድ ነው። አርን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በ1995 ያወጡት በዚህ ዓይነት ፈቃድ ነው። ዋጋ አለመጠየቁ ከዚያ የተከተለ ነገር ነው። የናሙና መጠን የምታሰሉበት ጂ-ፓወር ሳንቲም አይጠይቅም፤ ኮዱ ግን ዝግ ነው፤ ስለዚህ ኦፕን ሶርስ አይደለም።

በበርበሬ ላስረዳ። ታሽጎ የሚሸጥ በርበሬ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዛላው ምን ይመስል እንደነበር፣ ኮረሪማው ምን ያህል እንደገባ ሻጩን ከማመን ሌላ መንገድ የላችሁም። ራሳችሁ ቀንጥሳችሁ፣ ደልዛችሁ፣ ወፍጮ ቤት ቆማችሁ ያስፈጫችሁት ግን ከዛላው እስከ ዱቄቱ ይታወቃል። ኦፕን ሶርስ ይህ ሁለተኛው ነው። «ታዲያ ኮዱን ማን ያነበዋል?» ይሉኛል። አብዛኛው ሰው አያነብም፤ ወፍጮ ቤት ከተሰለፉት መካከል ግን አንዲት የምታውቅ እናት ካለች ለሁሉም ትበቃለች። የቤት በርበሬ ደግሞ ርካሽ አይደለም፤ ጉልበትና ቀን ይበላል። አርም እንደዚያው ነው፤ ዲፌንሱ አሥር ቀን ለቀረው ተማሪ «አሁኑኑ ጀምር» ብዬ አልመክርም። ክራኩስ? ማኅተሙ ተቀዶ፣ ማን እንደነካካው ሳይታወቅ እንደገና የታሸገ በርበሬ ነው። ከሁለቱም ወገን የሚታመንበት ምክንያት የለውም።

«ባለቤት የለውም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ የአርን እምብርት የሚጠብቅ የታወቀ ቡድን አለ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በላዩ በሚጫኑት ፓኬጆች (ተጨማሪ የስሌት መሣሪያዎች) ላይ ነው። ማንም ሠርቶ ማስገባት ይችላል፤ የሚፈተሸውም በአግባቡ መጫኑና መሥራቱ እንጂ ስታቲስቲክሱ ትክክል መሆኑ አይደለም። ፓኬጁን የጻፈው ሰው በዘዴው ላይ ያሳተመው ሥራ እንዳለ ሳታዩ አትጠቀሙ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ «በሁለቱም ሠራሁት፣ ውጤቱ ተለያየ፤ ስለዚህ አር ይሳሳታል» የሚለው ነው። በሎጅስቲክ ሪግሬሽን (አዎ ወይም አይደለም የሚል ውጤት ከምን ጋር እንደሚያያዝ በሚያሳየው ስሌት) ኤስፒኤስኤስ ካልነገራችሁት በቀር የመጨረሻውን ምድብ ማነጻጸሪያ ያደርጋል፤ አርና ስታታ (ሌላው የሚሸጥ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) የመጀመሪያውን። ስለዚህ ምድቦቹ ሁለት ሲሆኑ አንዱ ኦድስ ሬሾውን (የአንዱ ምድብ ዕድል ከማነጻጸሪያው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር) 2.5 ሲል ሌላው 0.4 ይላል። 1ን ለ2.5 አካፍሉት፤ 0.4 ነው። ያው አንድ ግኝት ከሁለት ወገን ታይቶ ነው። የተሳሳተው ማነጻጸሪያውን ሳያይ፣ ቁጥሩ ከ1 በታች ስለሆነ ብቻ «ይከላከላል» ብሎ የጻፈው ሰው ነው።

በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ የምትሠሩ የጤና ተማሪዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የኤስፒኤስኤስ «ዌይት ኬዝስ» የሚባለው ትእዛዝ ክብደቱን (ናሙናው ሕዝቡን እንዲወክል ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን ቁጥር) እንደ ሰው ብዛት ይቆጥረዋል፤ ሰዎቹ በቆጠራ ቦታ ተሰባስበው መመረጣቸውንም አያውቅም። መቶኛው ትክክል ይወጣል፤ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል የሚባለው ክልል) ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጠብባል። ይህን የሚያስተካክለው ክፍል ለብቻው የሚሸጥ ነው። ስታታ ግን አብሮት የሚመጣ «ኤስቪዋይሴት» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ለአርም «ሰርቬይ» የተባለ ፓኬጅ አለ። ምርጫው እንዲህ ካለው ሥራ ይነሳ እንጂ ፍላሹ ላይ ካለው አይነሳ።

ተቋማችሁ ስታታን በሕጋዊ ላይሰንስ ገዝቶ ከሆነ፣ አማካሪያችሁም የሚያውቀው እሱን ከሆነ፣ ያለ ሐሳብ በስታታ ሥሩ። አንድ ትልቅ ብልጫም አለው፦ «ቨርዥን» በሚለው ትእዛዝ የድሮ ሥራ በአዲስ እትም ላይ እንደ ድሮው እንዲሠራ ታደርጉታላችሁ። አር ላይ ይህን ራሳችሁ መጠበቅ አለባችሁ። በ2019 የወጣው የአር 3.6.0 እትም በዕጣ ናሙና የሚመርጥበትን መንገድ ስለቀየረ፣ በዚያው የመነሻ ቁጥር (ዕጣው በሚነሳበት «ሲድ») ያወጣችኋቸው ተሳታፊዎች ከቀድሞው እትም ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ በስልት ምዕራፋችሁ የአርን እትም ቁጥርና ፓኬጆቹን ከነእትማቸው ጻፉ፤ «ዳታው በአር ተተንትኗል» ብቻ አይበቃም።