የፅንስ ስቴም ሴል ምንድን ነው?

እንቁላል ከዳበረ በአምስተኛው ቀን ገደማ ፅንሱ ገና ማህፀን ግድግዳ ላይ አልተጣበቀም። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ፈሳሽ የቋጠረች ትንሽ ኳስ ይመስላል። ዙሪያውን የከበቡት ሴሎች ኋላ ለእንግዴ ልጅ ይሆናሉ። ከውስጥ፣ በአንድ በኩል፣ ተጠጋግተው የተቀመጡ ጥቂት ሴሎች አሉ፤ ልብም፣ አንጎልም፣ ጥፍርም የሚወጣው ከእነሱ ነው። እነዚህ ተወስደው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሲባዙ የፅንስ ስቴም ሴል ይባላሉ። በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚሏቸውም አሉ፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ከግንዱ ነውና ስሙ ይስማማቸዋል።

የቆዳ ሴልና የጉበት ሴል የያዙት ዘረመል አንድ ነው። የሚለያቸው የትኛው ጂን ሥራ ላይ እንዳለ፣ የትኛው እንደተዘጋ ነው። ስቴም ሴል ግን የትኛውን ዓይነት ሴል እንደሚሆን ገና አልወሰነም። ኦክት-4፣ ሶክስ-2 እና ናኖግ የተባሉ ፕሮቲኖች ሳይወስን ያቆዩታል። ናኖግ ስሙን ያገኘው በአየርላንድ አፈ ታሪክ ውስጥ እርጅና ከሌለባት አገር ነው፤ ለማያረጅ ሴል ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ሴሎቹ ከአይጥ ፅንስ የተገኙት በ1981 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ካምብሪጅ ላይ በማርቲን ኤቫንስና በማቲው ካውፍማን፣ ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ በጌይል ማርቲን። ከሰው ፅንስ ለማግኘት 17 ዓመት ፈጀ። በ1998 የዊስኮንሲኑ ጄምስ ቶምሰን ተሳካለት።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የልቡ ነገር ነው። ተገቢው የኬሚካል ምልክት በየተራው ሲሰጣቸው ሴሎቹ የልብ ጡንቻ ይሆኑና ሳህኑ ላይ ትር ትር ማለት ይጀምራሉ። ነርቭ የለም፣ ደም የለም፣ የሚያዛቸውም የለም።

ሳይለወጡ ሰውነት ውስጥ ቢገቡ ግን ቴራቶማ የሚባል፣ አጥንትና ጡንቻ የተደባለቀበት እጢ ሊያበቅሉ ይችላሉ። ስለዚህ ለሕክምና የሚታሰበው ከስቴም ሴሉ የተሠራው ሴል እንጂ ራሱ ስቴም ሴሉ አይደለም። ለደም ካንሰር ከሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ጋርም አይምታታ፤ የመቅኔ ስቴም ሴል ከፅንስ ሳይሆን ከተወለደ ሰው የሚወሰድ፣ ሥራውም ደም መሥራት ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሴሎቹ ሲወሰዱ ፅንሱ መፍረሱ ነው። በሰው ሠራሽ የማዳበር ሕክምና ወቅት ተርፎ በወላጆች ፈቃድ የተለገሰ ፅንስ ቢሆንም፣ ሕሊናው የማይቀበለው ሰው ብዙ ነው፤ ስጋቱም ሊከበር ይገባል። በ2006 የኪዮቶው ሺንያ ያማናካ ሌላ መንገድ አሳየ፦ የአይጥ የቆዳ ሴል ላይ አራት ጂኖች ጨምሮ ወደ ስቴም ሴልነት መለሰው። ከአራቱ ሁለቱ እነዚያው ኦክት-4 እና ሶክስ-2 ናቸው።