የወንጀል ሪከርድ ምንድን ነው? የኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊዎች ሲከራከሩ የሚደባልቁት ነገር

አሜሪካ ውስጥ ፉትቦል (ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ) ከሚወዱ ሰዎች ጋር ቅዳሜን ያሳለፈ ሁሉ ይህን ክርክር ሰምቶታል። አንዱ የድሮ የኮሌጅ ተጫዋች ያነሳና «አይ ያ ልጅ! ምን የመሰለ ሯጭ ነበር» ይላል። ሌላው ከአፉ ይቀበለዋል፤ «ተወው እባክህ፣ ሪከርድ ያለበት ሰው ነው»። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይረሳል። ታስሯል፣ አልታሰረም፣ ተፈርዶበታል፣ በነፃ ወጥቷል እየተባለ ቢራው እስኪሞቅ ይቀጥላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አንዱ መያዙን ይዞ ይከራከራል፣ ሌላው አለመፈረዱን። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

የወንጀል ሪከርድ ማለት አንድ ሰው ከፖሊስ፣ ከዐቃቤ ሕግና ከፍርድ ቤት ጋር የተገናኘበት ታሪክ የሰፈረበት መዝገብ ነው። መቼ ተያዘ? በምን ተከሰሰ? ክሱ የት ደረሰ? ምን ተቀጣ? አሜሪካ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አይገኝም። የከተማው ፖሊስ የራሱን ይይዛል፣ ፍርድ ቤቱ የራሱን። ኤፍቢአይ ደግሞ በጣት አሻራ የተሰበሰበ የራሱ መዝገብ አለው፤ ራፕ ሺት ይሉታል። እዚያ ላይ ስም ተገኘ ማለት ሰውየው ጥፋተኛ ተብሏል ማለት አይደለም። ተይዞ በማግስቱ የተለቀቀም ስሙ ይኖራል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካም ኒውተንን እንውሰድ። በኅዳር 2008 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተጠባባቂ ተጫዋች ሳለ የሌላ ተማሪ ላፕቶፕ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ፖሊሶች ዶርሙ ሲመጡ ላፕቶፑን በመስኮት ወርውሮታል ነው የተባለው። ክሱ ቀላል አልነበረም። ፌሎኒ በሚባለው የከባድ ወንጀል ምድብ ነው የተከሰሰው። ፍርድ ግን አልተሰጠበትም። ለጀማሪ ጥፋተኞች የሚፈቀድ ፕሮግራም ውስጥ ገባ፤ ፕሪትራያል ዳይቨርዥን ይባላል። የታዘዝከውን ትፈጽማለህ፣ ስትጨርስ ክሱ ይነሳል። እሱም ጨረሰ፣ ክሱም ተነሳ። ከዚያ ቴክሳስ ወዳለ ትንሽ ኮሌጅ ሄደ፣ ቀጥሎ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2010 የኮሌጅ ፉትቦልን ትልቅ ሽልማት ሃይስማንን ወሰደ። በ2011 የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንኤፍኤል ቡድን ካሮላይና ከአዲሶቹ ተጫዋቾች አንደኛ አድርጎ መረጠው።

እና ኒውተን «ሪከርድ አለው»? የመያዝ ታሪክ አለው። በዚያ ጉዳይ የጥፋተኝነት ፍርድ የለበትም። የኦበርን ባላንጣ የሆነው የአላባማ ደጋፊ የመጀመሪያውን ብቻ ይነግርሃል፣ የኦበርን ደጋፊ ሁለተኛውን ብቻ። ማልያ ያሳውራል።

በ2010 ኒውተን ላይ ሌላ ነገርም ተነስቶ ነበር። አባቱ ልጃቸው እንዲጫወትለት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ጠይቀዋል ተባለ። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ የሆነው ኤንሲኤኤ መረመረና ልጁ ያውቅ እንደነበር ማስረጃ የለኝም ብሎ እንዲጫወት ፈቀደለት። ይህ የስፖርት ማኅበር ደንብ ጉዳይ ነው፣ ከወንጀል መዝገብ ጋር አይገናኝም። ሬጂ ቡሽም በ2010 ሃይስማኑን የመለሰው ከደንብ ውጭ ጥቅም ወስዷል ተብሎ ነው። አንድም ቀን በዚያ አልተከሰሰም፤ በ2024 ሽልማቱ ተመለሰለት። ሆኖም ስሙን ሲሰሙ «እስር ቤት የገባው አይደል?» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ሞሪስ ክላሬት እንምጣ። የእሱ ጉዳይ ሁሉንም ደረጃ ስለሚያሳይ ትንሽ ብንቆይበት አይከፋም።

ክላሬት የያንግስታውን ኦሃዮ ልጅ ነው። በ2002 ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ለኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኳስ ይዞ 1,237 ያርድ ሮጠ። ጥር 3 ቀን 2003 ከማያሚ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ተጋጣሚው የቀማውን ኳስ ከእጁ መልሶ ነጠቀው። በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት የማሸነፊያውን ታችዳውን ያስቆጠረውም እሱ ነው፤ 31 ለ 24። በዩኒቨርሲቲው ከተማ ኮሎምበስ ውስጥ ያን ሌሊት የማያስታውስ ደጋፊ የለም።

ብዙ ሳይቆይ ግን ከተዋሰው መኪና ውስጥ ከ10,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ንብረት ተሰረቀብኝ ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊስ ሲያጣራ ዋጋው የተጋነነ ሆኖ አገኘው። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይህ ነው። የሐሰት ቃል ሰጥተሃል ተብሎ ተከሰሰ። በጥር 2004 ከዚያ ያነሰ ክስ ቀርቦለት፣ ፖሊስን ባለመርዳት ጥፋቱን አመነና 100 ዶላር ተቀጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተከሰሰበትና የተፈረደበት አንድ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ የወንጀል ጉዳዮች በብዛት የሚያልቁት በችሎት ሙግት ሳይሆን እንዲህ ባለ ድርድር ነው። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ተከሳሹ ጥፋቱን ያምናል፣ ሁለቱም ወደ ቤታቸው። ስለዚህ መዝገብ የሚያነብ ሰው ክሱን አይቶ ገጹን ቢዘጋ የሚያውቀው ግማሹን ነው።

በመካከሉ ክላሬት ኤንኤፍኤልን ከሶ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው አይገቡም የሚለውን ደንብ በመቃወም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደለት፣ የይግባኙ ሻረበት። የይግባኙን ውሳኔ የጻፉት ዛሬ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሉት ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ናቸው። ይህም «የፍርድ ቤት ታሪኩ» እየተባለ ከወንጀሉ ጋር ሲጠራ ሰምቻለሁ። ሰው መብቴ ተነካ ብሎ መክሰሱ ሪከርድ አይሆንበትም።

የኤንኤፍኤሉ ቡድን ዴንቨር በ2005 መረጠው፣ የውድድር ዘመኑ ሳይጀምር አሰናበተው። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ጥር 1 ቀን 2006 ሌሊት ኮሎምበስ ውስጥ ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ በሽጉጥ አስፈራርቶ ሁለት ሰዎችን ዘርፏል ተባለ። ያገኘው አንድ ሞባይል ነው። በነሐሴ ደግሞ ጉዳዩ ችሎት ከመቅረቡ በፊት መኪና ሲነዳ ፖሊስ ሊያስቆመው ቢል ሮጠ። ጎማው ተበስቶ ቆመ። መኪናው ውስጥ ጥይት የጎረሱ አራት መሣሪያዎች፣ መጥረቢያና የተከፈተ ቮድካ ተገኘ። ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሶ ስለነበር ፖሊሶቹ የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ አልሠራ አላቸው፤ ዓይኑ ላይ በርበሬ ነፉበት። በመስከረም 2006 በከባድ ዘረፋና መሣሪያ ደብቆ በመያዝ ጥፋቱን አመነ። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው መልቀቂያ ሊጠይቅ እንዲችል ተደርጎ። በሚያዝያ 2010 ከወህኒ ወጣ። በዚያው ዓመት ኦማሃ ላይ ለአንድ ትንሽ ሊግ ቡድን ተጫወተ። ዛሬ በትውልድ አካባቢው ለሱስና ለአእምሮ ጤና እርዳታ የሚሰጥ ተቋም መሥራች ነው። ወጣት ተጫዋቾችንም እየዞረ ያናግራል።

ክላሬት ላይ «ሪከርድ አለው» ማለት በሁሉም ትርጉም ትክክል ነው። ተይዟል፣ ተከሷል፣ አምኗል፣ ታስሯል። የ100 ዶላሩና የዘረፋው ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ሚስዲሚነር የሚባለው የቀላል ወንጀል ምድብ ነው። ሁለተኛው ፌሎኒ ነው፣ እሱም ከባዱ። ሥራ ፍለጋ ላይ፣ መሣሪያ መያዝ ላይ፣ ቤት መከራየት ላይ ሰውን ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ሁለተኛው ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ2006 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሦስት የላክሮስ (ኳስን መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱበት ስፖርት) ተጫዋቾች በአስገድዶ መድፈር ተከሰሱ። ፎቶአቸው አገር ምድሩን ሞላ። አሠልጣኙ ሥራቸውን ለቀቁ፣ የቡድኑ የውድድር ዘመን ተሰረዘ። በሚያዝያ 2007 የሰሜን ካሮላይና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮይ ኩፐር ክሱን አነሱ። ያነሱትም ማስረጃ አነሰ ብለው ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ንጹሕ ናቸው ብለው በአደባባይ ተናገሩ። የከሰሳቸው የወረዳው ዐቃቤ ሕግ የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ፣ አንድ ቀንም ታሰረ። በ2024 መጨረሻ ከሳሿ ራሷ ዋሽቼ ነበር ብላ አመነች።

«ጥፋቱን ካመነማ አለቀ» የሚል ካለ ደግሞ ብራያን ባንክስን ይመልከት። በካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፉትቦል ኮከብ ነበር፤ ዩኤስሲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ሊወስደው ተስማምቶ ነበር። በ16 ዓመቱ በመድፈር ተከሰሰ። ተከራክረህ ከተሸነፍክ 41 ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቅሃል ተባለ። «አልከራከርም» ብሎ ፈረመ፤ ይህ ጥፋትን በአፍ ሳያምኑ ፍርዱን መቀበል ነው። አምስት ዓመት ታሰረ። በ2012 ከሳሹ ውሸት እንደነበር በመናገሯ ፍርዱ ተሰረዘለት። ፊርማው ስለ እሱ ጥፋት የነገረን ነገር አልነበረም።

ኦ ጄ ሲምፕሰንስ? የ1968 የሃይስማን አሸናፊ ነው። በ1995 የቀድሞ ሚስቱንና ጓደኛዋን ገድለሃል ከተባለበት ክስ በነፃ ወጣ። በ1997 የፍትሐ ብሔር ችሎት ለሞቱት ኃላፊ ነህ ብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ይህ ዕዳ ነው፤ የወንጀል ሪከርድ አይደለም። ለወንጀሉ መዝገብ የሚቆጠሩት ሌሎች ናቸው። አንዱ በ2008 ላስ ቬጋስ የተፈረደበት ዘረፋ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። በ1989 ይህችኑ ሚስቱን በመደብደብ ተከሶ አልከራከርም ብሎ ተቀጥቷል። ስለ 1995ቱ ችሎት ሲሟገቱ የሚያመሹ ሰዎች ይህን ቢያነሱ ክርክራቸው የበለጠ በረታ ነበር።

ቡድኖቹና ኮሌጆቹ ከደጋፊው ይልቅ ጠንቀቅ ይላሉ። ኤንኤፍኤል በ2016 በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በወሲብ ጥቃት ወይም በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደባቸውን ተጫዋቾች ወደ ዓመታዊው የመመዘኛ ካምፕ እንደማይጠራ አስታወቀ። ቃሉ «የተፈረደባቸው» ነው። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲም በ2017 ተመሳሳይ ደንብ ሲያወጣ በወሲብ ጥቃት ፌሎኒ የተፈረደበትን፣ ያመነውንና «አልከራከርም» ያለውን ቆጥሮ ጻፈ። ዝም ብለው «ሪከርድ ያለበት» አላሉም።

መዝገብ ይሰረዛል ወይ? እንደየስቴቱ ነው። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይፋቃል፣ አንዳንዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይዘጋል። ክስ የተነሳለትና ቀላል ጥፋት ያለበት ይቀለዋል፤ ከባድ የኃይል ወንጀል አብዛኛው ቦታ አይሰረዝም። ፔንሲልቬንያ በ2018 አንዳንድ መዝገቦች ማመልከቻ ሳያስፈልግ በራሳቸው እንዲዘጉ ሕግ አውጥታለች። ጋዜጣ ላይ የወጣውን ፎቶ ግን ማንም ዳኛ አይፍቅልህም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሰው የተጫዋች ወሬ ብቻ የማይሆንበት ምክንያት አለ። አሜሪካ ውስጥ በግሪን ካርድ ለሚኖር ሰው የኢሚግሬሽን ሕግ «ተፈርዶበታል» የሚለውን የሚለካው በሌላ ሚዛን ነው። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ጥፋትህን ካመንክ ወይም «አልከራከርም» ካልክና ዳኛው ትንሽም ብትሆን ቅጣት ካዘዘ ተፈርዶብሃል። ስቴቱ በኋላ ቢሰርዘው እንኳ ኢሚግሬሽን እንደ ፍርድ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ «ካም ኒውተን ፕሮግራም ገብቶ ነፃ ወጣ አይደል፣ እኔም እፈርማለሁ» ማለት አደገኛ ነው። ፕሮግራሙ ጥፋትህን እንድታምን ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም የሚለው ለአንድ ዜጋ ትንሽ ነገር ነው፤ ላንተ አገር ውስጥ የመቆየትና ያለመቆየት ጉዳይ ነው።

ፓዲላ የተባለ የጭነት መኪና ሹፌር ይህ ደርሶበታል። ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ወረቀት የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ ሰው ነበር። ማሪዋና ጭነሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው «ብዙ ስለቆየህ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» አለው፣ አመነ፣ የመባረር አደጋ መጣበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2010 ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ እንዲህ ያለውን መዘዝ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ጠበቃህ ካልነገረህ ጠይቀው። ከመፈረምህ በፊት።

የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻውም ስለ ፍርድ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ይላል፣ የተሰረዘውንም ጨምሮ። የተያዘና ክሱ የተነሳለት ሰው ለዚያ ቀን የሚያስፈልገው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚወጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን በሉና ጠይቁ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። የፖሊሱ መዝገብ ብዙ ጊዜ መያዙን ጽፎ መጨረሻውን ሳይጽፍ ይቀራል። መጨረሻውን የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።