ዋት-ሰዓት ምንድን ነው? ራስበሪ ፓይን በፓወር ባንክ ማሠራት ለሚፈልግ

ጎንደር ፒያሳ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ፓወር ባንክ ብትጠይቁ፣ ሻጩ «ይሄ ሃያ ሺህ ነው» ይላችኋል። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ ማለትም 20 አምፒር-ሰዓት ማለቱ ነው። ስልክ ለሚሞላ ሰው ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ራስበሪ ፓይ (በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራች ትንሽ ኮምፒውተር) ስንት ሰዓት ይቆይልኛል ለሚል ግን መልሱ ያለው ዋት-ሰዓት ላይ ነው።

ዋት-ሰዓት 1 ዋት የሚበላ ዕቃ በ1 ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰው ኃይል ነው። የቤታችን ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት-ሰዓትም የዚሁ ሺህ እጥፍ ነው።

ስሌቱ አምፒር-ሰዓትን በቮልት ማባዛት ነው፤ ግን በየትኛው ቮልት? የዩኤስቢው መውጫ 5 ቮልት ስለሆነ ብዙ ሰው በ5 ያባዛና 100 ያገኛል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን የሚናገረው ውስጥ ስላሉት የሊቲየም ባትሪዎች ነው፤ የእነሱ ደግሞ 3.7 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ 20 በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። 3.7ቱን ወደ 5 የሚያሳድገው ሰርኪዩትም ድርሻውን ይወስዳል፤ ፓወር ባንኩ እየሠራ ሳለ የሚሞቀው አንድም በዚህ ነው። 15 በመቶ ቢባክን እጃችሁ ላይ የሚቀረው 63 ገደማ ነው። ዋት-ሰዓቱ ከጀርባው በደቃቃ ፊደል የተጻፈበትም አለና ገልብጣችሁ እዩ። ከአዘዞ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው በተለይ ይህን ይወቅ፦ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ነው፤ እሱም በእጅ ሻንጣ ብቻ።

ራስበሪ ፓይ 4 ሥራ ሲፈታ 3 ዋት ገደማ፣ ሲጨናነቅ 6 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። 63ን ለ3 ስናካፍል 21 ሰዓት፣ ለ6 ስናካፍል 10 ሰዓት ያህል እናገኛለን። ቻርጀሩ ላይ ያለው 15 ዋት ጣሪያው ነው፤ በእሱ አታስሉ። ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፒዲያ ጭኖ በዋይፋይ ለአንድ ክፍል ተማሪ ማዳረስ ለሚፈልግ መምህር፣ እኔ የምመክረው ትንሹን ራስበሪ ፓይ፣ ዜሮ 2 ደብሊውን ነው፤ ሥራ ሲፈታ ከ1 ዋት በታች ነው የሚወስደው። ይህ ቁጠባ ግን ችግርም አለው፦ አንዳንድ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል ሲያንስ ስልኩ የሞላ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ኬብሉንም አትናቁት። ቀጭንና ረጅም ከሆነ 5 ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀንሳል። ከ4.63 በታች ሲወርድ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይወጣል፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ማሽኑ ይዳከማል።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ ደግሞ ቻርጀር ላይ የተሰካ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ለፓዩ የሚሰጠውን ኃይል ለቅጽበት ያቋርጣል። ፓዩ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሲጽፍ ከደረሰበት ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ስትገዙ ፓዩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ አብሩትና የፓወር ባንኩን ቻርጀር ሰክታችሁ ንቀሉ። ካጠፋባችሁ ሌላ ያውጡላችሁ።